የጽሕፈት አጋዥ ቴክኖሎጂ (ለመማር እክል)

የጽሕፈት አጋዥ ቴክኖሎጂ የመማር እክል ያለባቸው ተማሪዎች የሚያውቁትንና የሚያስቡትን በጽሑፍ እንዲገልጹ የሚረዱ ዕቃዎች፣ መሣሪያዎችና የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች የጋራ መጠሪያ ነው። ከእርሳስ መያዣ ጎማና ሰፊ መስመር ካለው ደብተር ጀምሮ ቃል ገማችን፣ ጽሑፍ አንባቢንና ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራምን ያጠቃልላል። መሣሪያው እክሉን አያድንም። ሥራው ተማሪውን በሚያሰናክለው የጽሕፈት ደረጃ ላይ ሸክሙን አቃልሎ ለሐሳቡ ቦታ መተው ነው። ከእነዚህ መሣሪያዎች አብዛኞቹ መጀመሪያ የተሠሩት ለእንግሊዝኛ ስለሆነ በግዕዝ ፊደል ለሚጻፉ እንደ አማርኛና ትግርኛ ላሉ ቋንቋዎች ሲውሉ የሚሠሩበትም የሚሰናከሉበትም ቦታ አለ።

የመማር እክል ምንነት

የመማር እክል አለ የሚባለው አንድ ተማሪ በቂ ትምህርት እያገኘ፣ የማየትም ሆነ የመስማት ችግር ሳይኖርበት፣ አጠቃላይ የማሰብ ችሎታውም ሳያንስ፣ በማንበብ፣ በመጻፍ ወይም በሒሳብ ላይ ግን ጎልቶ የሚታይና ለረጅም ጊዜ የሚዘልቅ ችግር ሲኖርበት ነው። ከስንፍና ወይም ከአስተዳደግ ጉድለት የሚመጣ አይደለም፤ ከአእምሮ ዕድገት ውስንነትም የተለየ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ሦስቱን ችግሮች በአንድ ስም ሥር አድርጎ፣ ችግሩ በንባብ፣ በጽሑፍ ወይም በሒሳብ ላይ መሆኑ ለየብቻ እንዲገለጽ አድርጓል።

ጽሕፈትን በዋናነት የሚነኩት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። ዲስሌክሲያ ድምፅንና ፊደልን የማዛመድ ችግር ሲሆን ንባብን ያዘገያል፣ የቃላት አጻጻፍንም ያበላሻል። ዲስግራፊያ ደግሞ ራሱን የመጻፍ ተግባር የሚመለከት ነው፤ የእጅ ጽሕፈቱ ለማንበብ ያስቸግራል፣ ፊደላቱ ከመስመር ይወጣሉ፣ ጥቂት መስመር ለመጻፍ ረጅም ጊዜና ብዙ ድካም ይጠይቃል። ሁለቱ በአንድ ተማሪ ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

በክፍል ውስጥ የሚታየው ምልክት ብዙውን ጊዜ በቃልና በጽሑፍ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ተማሪው ሲጠየቅ ትምህርቱን አስተካክሎ ያስረዳል፤ በወረቀት ሲሆን ግን ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ጽፎ ያቆማል፣ ወይም ለመጻፍ የሚቀሉትን ቃላት ብቻ እየመረጠ የሚያውቀውን ሳያሰፍር ይቀራል። ፈተናው በጽሑፍ ብቻ በሚሆንበት ቦታ ውጤቱ የሚለካው እውቀቱን ሳይሆን እጁን ወይም የፊደል አጻጻፉን ይሆናል።

ጽሕፈት የሚሰናከልበት ደረጃ

ሊንዳ ፍላወርና ጆን ሄይስ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ታዋቂ ሥራ ጽሕፈትን በሦስት ተግባራት ከፍለውታል። እነሱም ማቀድ፣ ሐሳብን ወደ ቃላት መመለስና ከልሶ ማረም ናቸው። እነዚህ ተግባራት ቅደም ተከተል ጠብቀው የሚሄዱ ደረጃዎች አይደሉም፤ ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንኳ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በተለይ በሕፃናት ላይ አራተኛ ነገር ጨምረዋል። ይኸውም ፊደሉን በእጅ የመሥራትና ቃሉን በትክክል የመጻፍ ተግባር ነው።

ሁሉም ተግባራት የሚጠቀሙት አንድን ውስን የአእምሮ አቅም ነው፤ ይህም የሥራ ማኅደረ ትውስታ ይባላል። ልምድ ያለው ጸሐፊ ፊደል የሚሠራው ሳያስብ ስለሆነ አቅሙን ለሐሳቡ ያውለዋል። ዲስሌክሲያ ወይም ዲስግራፊያ ያለበት ተማሪ ግን «ይህ ፊደል እንዴት ነበር?» በሚል ጥያቄ ላይ ሲቆም ሊጽፈው የነበረው ዓረፍተ ነገር ይጠፋበታል። የአጋዥ ቴክኖሎጂ መሠረተ ሐሳብ ከዚህ ይነሣል፤ ከተግባራቱ አንዱን መሣሪያ ቢሸከመው ተማሪው የቀሩትን የመሥራት ዕድል ያገኛል።

ታሪክ

ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል እ.ኤ.አ. በ1877 ማየትና መናገር እየቻሉ የተጻፈ ቃል መለየት ያቃታቸውን ሕሙማን ሁኔታ «የቃል ዕውርነት» ብሎ ገልጾ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን በ1896 ብልህነቱ በመምህራኑ የተመሰከረለት ነገር ግን ማንበብና መጻፍ ያልቻለ የ14 ዓመት ልጅን ጉዳይ አሳተመ። «የመማር እክል» የሚለው ስያሜ የተስፋፋው አሜሪካዊው የትምህርት ባለሙያ ሳሙኤል ከርክ በ1963 በቺካጎ በተደረገ የወላጆች ጉባኤ ላይ ከተጠቀመበት በኋላ ነው።

ዛሬ ለእነዚህ ተማሪዎች የሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዳንዶቹ የተፈለሰፉት ለሌላ ዓላማ ነው። ሬይ ከርዝዌል እ.ኤ.አ. በጥር 1976 ለሕዝብ ያሳየው የታተመ ጽሑፍን ጮክ ብሎ የሚያነብ ማሽን ለዓይነ ስውራን የተሠራ ነበር። በ1996 የተመሠረተው ሌላው የከርዝዌል ኩባንያ ግን ይህንኑ ሐሳብ የማንበብና የመጻፍ እክል ላለባቸው ተማሪዎች ወደሚሆን ሶፍትዌር ለወጠው። በንግግር ጽሕፈትም እንዲሁ ነው። በ1990 ለገበያ የቀረበው ድራገን ዲክቴት ተናጋሪው ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ ቆም እንዲል ያስገድድ ነበር። እንደ ልብ እየተናገሩ መጻፍ የተቻለው በ1997 ድራገን ናቹራሊ ስፒኪንግ ሲወጣ ነው።

ዋና ዋና ዓይነቶች

ቀላል መሣሪያዎች። አጋዥ ቴክኖሎጂ የግድ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አይደለም። የእርሳስ መያዣ ጎማ፣ ዘንበል ያለ የመጻፊያ ሰሌዳ፣ መስመሩ በጣት የሚዳሰስ ወረቀት፣ ጠረጴዛ ላይ የሚለጠፍ የፊደል ገበታና የትምህርቱን ዋና ቃላት የያዘ ካርድ በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ዋጋቸው አነስተኛ ነው፤ መብራትም ኢንተርኔትም አይፈልጉም።

የጽሑፍ ማቀናበሪያ። በኮምፒዩተር መጻፍ የእጅ ጽሕፈትን ችግር ያስወግዳል፣ ሙሉውን ገጽ እንደገና ሳይገለብጡም ማረም ያስችላል። ሆኖም ቁልፎቹን በፍጥነት ለመምታት ልምምድ ይጠይቃል። ተማሪው በአንድ ጣት እየፈለገ የሚመታ ከሆነ የእርሳሱ ድካም በቁልፍ ድካም ተተካ እንጂ አልቀነሰም።

የአጻጻፍ አራሚ። ስሕተት የመሰለውን ቃል አስምሮ አማራጮች ያቀርባል። ቻርልስ ማካርተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት የመማር እክል ያለባቸው ተማሪዎች ያለ እርዳታ ያረሙት ከስሕተታቸው 9 በመቶውን ብቻ ሲሆን በአራሚ ሲጠቀሙ 37 በመቶ ደርሷል። ጥናቱ ድክመቱንም አሳይቷል። ከስሕተቶቹ ከሦስተኛው እጅ በላይ የሚሆኑት ሌላ ትክክለኛ ቃል ሆነው ስለተገኙ አራሚው ሳያያቸው አልፏል። ትክክለኛው ቃል በአማራጮቹ ውስጥ ሳይኖር ሲቀርም ተማሪዎቹ ብዙ ጊዜ ማረም አልቻሉም።

ቃል ገማች። ተማሪው የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ሲጽፍ ሊፈልጋቸው የሚችሉትን ቃላት ይዘረዝርለታል። ቃሉን ሲመለከተው ለይቶ የሚያውቅ፣ ከራሱ አውጥቶ መጻፍ ግን ለሚያቅተው ተማሪ ይጠቅማል። ማካርተር በ1998 ከባድ የአጻጻፍ ችግር ያለባቸውን አምስት የ9 እና የ10 ዓመት ተማሪዎች አጥንቷል። ቃል ገማችና የድምፅ ንባብ ሲሰጣቸው ከአምስቱ አራቱ በትክክል የሚጽፉት ቃል ከ42 እስከ 75 በመቶ ከነበረበት ከ90 በመቶ በላይ ሆኗል። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ለሁሉም ተማሪ ይሠራል ማለት አይቻልም።

ጽሑፍ አንባቢ። ተማሪው የጻፈውን መልሶ በድምፅ ያነብለታል። የተዘለለ ቃል፣ የተደገመ ሐረግና ያላለቀ ዓረፍተ ነገር በዓይን ከሚታይ ይልቅ በጆሮ ሲሰማ ቶሎ ይታወቃል። በተለይ ማንበብ ለሚያዳግተው ተማሪ ራሱን የማረም ዕድል ይሰጠዋል።

ንግግርን ወደ ጽሑፍ ቀያሪ። ተማሪው ሲናገር ፕሮግራሙ ይጽፋል። ማካርተርና አልበርት ካቫሊዬር በ2004 ባሳተሙት ጥናት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሦስት መንገድ ድርሰት ጽፈዋል፤ በእጅ፣ ለኮምፒዩተር በመናገር፣ እና ለሚጽፍላቸው ሰው በመናገር። የመማር እክል ያለባቸው ተማሪዎች ድርሰት ለሰው ሲናገሩ ከሁሉም የተሻለ ሆነ፤ ለኮምፒዩተር ሲናገሩ ቀጣዩን ደረጃ ያዘ፤ በእጅ የተጻፈው መጨረሻ ሆነ። እክል በሌለባቸው ተማሪዎች ላይ ግን በሦስቱ መንገዶች መካከል ልዩነት አልታየም። ይህ ውጤት መሣሪያውን ለእክል ላለበት ተማሪ በፈተና መፍቀድ አላግባብ ብልጫ ከመስጠት ይልቅ መሰናክል ማንሣት መሆኑን ለማሳየት ይጠቀሳል።

የሐሳብ ካርታ። ተማሪው ከመጻፉ በፊት ሐሳቦቹን በክብና በመስመር እያገናኘ እንዲደረድር የሚረዳ ፕሮግራም ነው። ችግሩ ከፊደል ይልቅ በማቀድ ላይ ለሆነ ተማሪ የሚሰጥ ሲሆን፣ በወረቀትና በእርሳስም በእኩል ሊሠራ ይችላል።

የመሣሪያ አመራረጥ

ለአንዱ የጠቀመ መሣሪያ ለሌላው ትርፍ ሸክም ሊሆን ይችላል። አሜሪካዊቷ የዘርፉ ባለሙያ ጆይ ዛባላ ያዘጋጀችው የአመራረጥ ሥርዓት በብዙ አገሮች ይሠራበታል። በዚህ ሥርዓት መምህሩ፣ ወላጁና ተማሪው በአንድነት አራት ነገሮችን በቅደም ተከተል ይመረምራሉ፦

1. ተማሪው፦ የሚችለው ምንድን ነው? የሚያቆመው የት ላይ ነው? ራሱስ ምን ይፈልጋል?
2. አካባቢው፦ ክፍሉ ውስጥ መብራት፣ ኢንተርኔት፣ ጸጥታና የሚረዳ ሰው አለ?
3. ተግባሩ፦ የሚጠበቅበት ማስታወሻ መያዝ ነው፣ ድርሰት መጻፍ ነው ወይስ አጭር መልስ መስጠት?
4. መሣሪያው፦ ለእነዚህ ሁሉ የሚስማማው የትኛው ነው?

መሣሪያው መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ሆን ተብሎ ነው። አስቀድሞ ታብሌት ገዝቶ በኋላ ጥቅም መፈለግ የተለመደ ስሕተት ሲሆን፣ የተገዛው ዕቃ ብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ተማሪው መሣሪያውን ለመልመድም ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በፈተና ቀን ከተሰጠው ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም።

በግዕዝ ፊደል ለሚጻፉ ቋንቋዎች

የአማርኛ ፊደል ለአንባቢ የሚያቀልለው ነገር አለ። እያንዳንዱ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚያሳይ እንደ እንግሊዝኛ አንድ ድምፅ በብዙ ዓይነት የፊደል ጥምረት አይጻፍም። ጫናው ያለው በሌላ በኩል ነው። ተማሪው 33 ዋና ፊደላትን በሰባት ድምፅ፣ በድምሩ 231 ቅርጾችን ከነዲቃላዎቹ መለየት አለበት። ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ዘ እና ዠ፣ ጠ እና ጨ የሚለያዩት በትንሽ ጭረት ነው። ካዕብ በአብዛኛው በወጥ ምልክት ሲታወቅ ሳድስና ሳብዕ ግን ከፊደል ፊደል ይለያያሉ። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ የተዘጋጀን መፍትሔ ምናሌውን ብቻ ተርጉሞ ማምጣት አይበቃም።

የቁልፍ ሰሌዳ። በኮምፒዩተር አማርኛ ለመጻፍ የተለመደው መንገድ ድምፁን በላቲን ቁልፍ መምታት ነው። «ሰላም» የሚለውን ባለ ሦስት ፊደል ቃል ለመጻፍ በአብዛኞቹ ዘዴዎች አምስት ቁልፎች ይመታሉ፤ በብዙዎቹ ዘዴዎች ተ እና ጠ አንድ ቁልፍ ላይ ሆነው በትንሹና በትልቁ የላቲን ፊደል ይለያሉ። ይህ ማለት ፊደል ከድምፅ ጋር ማዛመድ የሚከብደው ተማሪ አንዱን ቃል በሁለት የፊደል ሥርዓት ማሰብ ይኖርበታል። ግእዙ ሲነካ ሰባቱን ድምፆች በመስመር የሚያሳዩ የስልክ ሰሌዳዎች ከዚህ ይሻላሉ፤ ተማሪው ቅርጹን ከማስታወስ ይልቅ አይቶ ይመርጣል።

ሞክሼ ፊደላት። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በዛሬው አማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። በዚህ ምክንያት «ፀሐይ» በተለያዩ ጸሐፊዎች በብዙ መልክ ተጽፎ ይገኛል። አንዱን መልክ ብቻ የሚቀበል አራሚ ተማሪው በትክክል የሰማውን ቃል በቀይ ያሰምርበታል። ለእክል ላለበት ተማሪ የሚሻለው ሞክሼዎቹን እንደ አንድ የሚቆጥርና የሚመረጠውን መልክ በምክር መልክ የሚያሳይ አራሚ ነው።

የቃል አመሠራረት። «ስላልነገርናቸው» በጽሑፍ አንድ ቃል ነው፤ በውስጡ ግን ምክንያት፣ አሉታ፣ ግሥ፣ ባለቤትና ተሳቢ አለ። ከአንድ ግሥ እጅግ ብዙ እንዲህ ያሉ ቃላት ስለሚወጡ በቃላት ዝርዝር ላይ ብቻ የቆመ አራሚ ትክክለኛ ቃላትን ስሕተት ይላል። ቃል ገማችም ይቸገራል። በእንግሊዝኛ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል የቃሉን ሥር ይጠቁማል፤ በአማርኛ ግን መጀመሪያ የሚጻፉት «የሚ»፣ «እንደ»፣ «ስለ»ን የመሰሉ ቅጥያዎች ስለሆኑ ገና ምንም አልተለየም። መፍትሔው የቃሉን መዋቅር የሚተነትን ፕሮግራም ነው። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ማይክል ጋሰር ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛና ለትግርኛ ያዘጋጁት ሆርንሞርፎ ለዚህ መሠረት ሊሆኑ ከሚችሉት አንዱ ነው።

ድምፅ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከመካተቱ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱን ኮድ ስለሚጠቀም በአንዱ የተጻፈውን ሌላው ማንበብ ይሳነው ነበር። ዛሬ እንደ ኢስፒክ ኤንጂ ያለው ነጻ ሶፍትዌር አማርኛ ያነባል፤ ማይክሮሶፍትም የአማርኛ ድምፆች አሉት። ሆኖም ፊደሉ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» መናገርንም መኖርንም፣ «ገና» በዓሉንም ጊዜውንም ስለሚያመለክት አንባቢው ፕሮግራም መገመት አለበት። ግምቱ ሲስት ተማሪው በትክክል የጻፈውን ስሕተት ነው ብሎ ሊቀይረው ስለሚችል መምህሩ ይህን አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል። ንግግርን ወደ ጽሑፍ በመቀየር በኩል ጉግል በነሐሴ 2017 (እ.ኤ.አ.) ከጨመራቸው 30 ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ይህ አገልግሎት በተራ ስማርት ስልክ ስለሚገኝ ለብዙ ቤተሰብ በጣም ቅርቡ አጋዥ ቴክኖሎጂ ነው። አራት ነጥቡንና አንቀጽ መክፈሉን ግን ተማሪው ብዙውን ጊዜ ራሱ መጨመር ይኖርበታል።

ሕግና ፖሊሲ

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ሕግ አካል ጉዳት ላለባቸው ሕፃናት ሁሉ ነጻና ተገቢ የመንግሥት ትምህርት እንዲሰጥ ደነገገ። ሕጉ በ1997 ሲሻሻል ለእያንዳንዱ የልዩ ፍላጎት ተማሪ የግል የትምህርት ዕቅድ የሚያወጣው ቡድን አጋዥ ቴክኖሎጂ ያስፈልገው እንደሆነ እንዲመረምር ግዴታ ሆነ። በዚያ አገር ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ሁለት ነጥቦች ይጠቅማሉ። ልጁ እንግሊዝኛ ገና አለመቻሉ ብቻውን እክል አለበት ለማለት ምክንያት አይሆንም፤ ወላጅም በስብሰባው ላይ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው።

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 የጸደቀ ሲሆን፣ አንቀጽ 24 ስለ አካቶ ትምህርት ይደነግጋል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የትምህርት ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2006 የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ፣ በ2012 ደግሞ የተሻሻለ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂ አውጥቷል። ከዚያ የተከተለው ከ2016 እስከ 2025 የተዘረጋው ዕቅድ በአካባቢው ያሉ ትምህርት ቤቶችን የሚያገለግሉ የድጋፍ ማዕከላትን ማስፋፋትን ይጨምራል። የመማር እክል ግን እንደ ዓይነ ስውርነት ወይም መስማት አለመቻል በዓይን ስለማይታይ ተማሪው ድጋፍ ሳይጠየቅለት «ሰነፍ» ተብሎ ሊያልፍ ይችላል።

ሌላው ጉዳይ የማስተማሪያ ቋንቋ ነው። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ አንድ ተማሪ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ መድከሙ የቋንቋ ልምድ ማነስ እንጂ እክል ላይሆን ይችላል። ለመለየት የሚረዳው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲጽፍ ምን እንደሚመስል ማየት ነው። ችግሩ በሁለቱም ቋንቋ ከታየ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ገደቦችና ክርክሮች

አንዳንድ መምህራንና ወላጆች መሣሪያው ተማሪውን ጥገኛ ያደርገዋል፣ የእጅ ጽሕፈትንም ያስረሳዋል ብለው ይሠጋሉ። የዘርፉ ባለሙያዎች በአብዛኛው የሚመክሩት ሁለቱን ማስኬድ ነው፤ ፊደልና አጻጻፍ በራሱ ሰዓት እየተማረ፣ ሐሳብ መግለጽ በሚፈለግበት ሰዓት ደግሞ መሣሪያውን ይጠቀማል። መሣሪያው ስለ ድርሰት አወቃቀር አያስተምርም። ለፕሮግራም በመናገር የተጻፈ ረጅም ጽሑፍም ካልታረመ የንግግር ግልባጭ ሆኖ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ወዲህ እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ ሙሉ ድርሰት የሚያመነጩ ፕሮግራሞች መስፋፋታቸው ጥያቄውን አክብዶታል። ቃል ገማች የተማሪውን ሐሳብ ለማስፈር ይረዳል፤ ሐሳቡን ራሱን የሚያመነጭ ፕሮግራም ግን በተማሪው ፈንታ ይጽፋል። በመካከል ያሉት አጠቃቀሞች፣ ለምሳሌ ተማሪው የጻፈውን ማቃናት፣ የት ድረስ እንደሚፈቀዱ የሚወሰነው በሥራው ዓላማ ነው። የሚለካው የታሪክ እውቀት ከሆነ አጻጻፉን ማረም አይጎዳም፤ የሚለካው አጻጻፍ ከሆነ ግን መለኪያውን ያጠፋዋል።

ተግባራዊ ችግሮችም አሉ። ንግግር ቀያሪ ፕሮግራም ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ ይደናገራል፣ ለሌሎችም ይረብሻል። ብዙዎቹ አገልግሎቶች ኢንተርኔት ይፈልጋሉ፤ የልጁ ድምፅም ወደ ኩባንያው ኮምፒዩተር ስለሚላክ የግል መረጃ ጥበቃ ጥያቄ ይነሣል። በተጨማሪም ከሌላው ተለይቶ መሣሪያ ይዞ መቀመጥ የሚያሳፍራቸው ተማሪዎች አሉ። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ትምህርት ቤቶች መሣሪያውን ለእክል ላለበት ብቻ ሳይሆን ለመላው ክፍል ክፍት ያደርጉታል። ይህ አካሄድ እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ የተመሠረተው ካስት የተባለው ድርጅት ካስፋፋውና ለሁሉም የሚሆን የትምህርት ንድፍ ከሚባለው መርሕ ጋር ይስማማል።